የሒሳብ መኪና የተጻፈ ሒሳብን እንዴት ያነባል?

አንድ የእህል ነጋዴ 3 ኩንታል ጤፍ ገዛ እንበል። የአንዱ ኩንታል ዋጋ 4,000 ብር፣ የጭነቱ ኪራይ ደግሞ በጠቅላላው 200 ብር ይሁን። ነጋዴው ወጪውን ለማወቅ ሲል በወረቀት ላይ «200 + 3 × 4000» ብሎ ጻፈ። ከዚያም በኪሱ የሚይዛትን፣ መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ የምታውቀውን ትንሽ የሒሳብ መኪና አውጥቶ ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን በጻፋቸው ተራ አንድ በአንድ ነካ። መልሱ 812,000 ብር ሆነ። ልጁ ደግሞ ያንኑ መስመር በትምህርት ቤት በሚጠቀምበት ባለ ብዙ ቁልፍ መኪና ላይ ጻፈውና 12,200 ብር አገኘ። መስመሩ አንድ፣ ቁጥሮቹም አንድ ሲሆኑ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት 799,800 ብር ነው።

ከሁለቱ መኪናዎች የተበላሸ የለም። ትንሿ መኪና የተነገራትን እዚያው በዚያው የምትፈጽም ናት፤ 200 እና 3 ሲሰጣት ደምራ 203 አደረገች፣ ቀጥሎ የመጣውን የማባዛት ትእዛዝም በዚህ በ203 ላይ ፈጸመች። ሁለተኛዋ ግን የመደመሩን ምልክት ባየች ጊዜ አልቸኮለችም። «ከኋላ የሚበልጥ ምልክት ይመጣ ይሆናል» እንደሚል ሰው ጠበቀች፤ የማባዛቱ ምልክት ሲመጣም እርሱን አስቀድማ 12,000 ካገኘች በኋላ 200ውን ጨመረችበት። እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት በዕውቀት ብዛት ሳይሆን መጠበቅን በማወቅና ባለማወቅ ነው ለማለት ይቻላል። መኪና እንዴት መጠበቅን ተማረ የሚለው ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንትን ብዙ ዓመት ያደከመ ነገር ስለሆነ፣ ታሪኩን ለአንባብያን ማጫወት ደስ ያሰኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪናው የሚያየው

እኛ «23 + 4» የሚለውን ስናነብ ዓይናችን ሦስት ነገር ያያል፤ ሃያ ሦስት፣ መደመርና አራት። ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አያይም። ከሰው እጅ የሚደርሰው ጽሕፈት ነው፤ ጽሕፈት ደግሞ ለእርሱ የፊደላት ሰልፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በውስጡ የታወቀ መለያ ቁጥር አለው፤ «0» የምንለው ምልክት 48፣ «2» የምንለው 50፣ «3» ደግሞ 51 ነው። ስለዚህ «23» ብሎ የጻፈለት ሰው ሃያ ሦስትን አልሰጠውም፤ 50ን እና 51ን አስከትሎ ሰጠው እንጂ።

ከዚህ ሃያ ሦስትን ለማውጣት መኪናው ከእያንዳንዱ መለያ ላይ 48 ይቀንሳል። በዚህም 2 እና 3ን ያገኛል። ከዚያም የመጀመሪያውን ይይዛል፣ ሌላ አኃዝ በተከተለ ቁጥር የያዘውን በ10 እያባዛ አዲሱን ይጨምርበታል፤ 2 በ10 ሲባዛ 20፣ 3 ሲጨመር 23። አኃዝ ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የመደመር ምልክት ሲያይ ቁጥሩ ማለቁን ያውቃል። ይህ ሥራ ቀላል ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ማባዛትና ማካፈል ከመደመርና ከመቀነስ ይቅደሙ፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይቅደም የሚለው ሕግ በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ይህ ሕግ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ዓይን በወረቀት ላይ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ቅንፉን ከሩቅ ያየዋል፣ መጀመሪያ እርሱን ይሠራና ወደ ኋላ ይመለሳል። መኪናው ግን ጽሕፈቱን የሚቀበለው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ፊደል ብቻ እያየ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ አጮልቆ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ማለት ነው።

ቅንፍ በቅንፍ ላይ

በስዊስ አገር በዙሪክ የነበሩት ሃይንትስ ሩቲስሃውዘር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ መፍትሔ አቀረቡ። መኪናው መስመሩን በሙሉ አይቶ ከሁሉ ጠልቆ የተቀበረውን ቅንፍ ይፈልጋል፤ እርሱን ሠርቶ በመልሱ ይተካዋል፤ እንደገናም ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀጣዩን ይፈልጋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መኪናው አንዱን መስመር ደጋግሞ ሲመላለስበት ይውላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ደግሞ እጅግ ውድና ዘገምተኞች ስለነበሩ ምልልሱ ቀላል ወጪ አልነበረም።

በአሜሪካ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ባልደረባ የነበሩት ሚስተር ጆን ባከስና ጓደኞቻቸው በ1957 ያወጡት ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሌላ ብልኀት ነበረው። የቋንቋው ስም ራሱ «ቀመር ተርጓሚ» ከሚለው የተወሰደ ነው። ብልኀቱ ሲያዩት የሚያስቅ ነገር አለው። መኪናው የምልክቶቹን ማዕረግ ከማሰብ ይልቅ በመስመሩ ላይ ቅንፍ ይበትንበታል። በመጀመሪያው ሁለት ክፍት ቅንፍ፣ በመጨረሻው ሁለት ዝግ ቅንፍ ያደርጋል። በመደመርና በመቀነስ ምልክት ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ቅንፍ፣ በማባዛትና በማካፈል ግራና ቀኝ ደግሞ አንድ አንድ ያደርጋል። «2 + 3 × 4» በዚህ ዓይነት «((2)) + ((3) × (4))» ይሆናል። አንባቢ በእርሳስ ቢሞክረው 3 እና 4 በአንድ ቅንፍ ታቅፈው 2 ብቻውን መቅረቱን ያያል። ማዕረግ የሚባለውን ነገር የማያውቅ መኪና እንኳ አሁን ሊሳሳት አይችልም። እኔ በበኩሌ ከብልኀቶቹ ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥቂት ቅንፍ ከመጨመር በቀር ምንም አያስከፍልም።

ምድር ቤቱና ሐዲዱ

ከሁሉ የላቀው መፍትሔ ግን ከጀርመን አገር መጣ። በሙኒክ ይሠሩ የነበሩት ፍሪድሪክ ባወርና ክላውስ ዛመልዞን በ1957 የፈጠራ መብት የጠየቁበትን አሳብ ኋላ በጽሑፍ አወጡት። አሳቡ እንዲህ ነው። መኪናው አንድ ምልክት አንብቦ ጊዜው ገና ከሆነ ይተወዋል እንጂ አይሠራበትም፤ በአንድ የማቆያ ቦታ ያስቀምጠዋል። ከማቆያው የሚወጣው ሁልጊዜ መጨረሻ የገባው ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ማቆያ በቋንቋቸው «ምድር ቤት» ብለው ጠሩት።

ለእኛ አገር ሰው ከምድር ቤት ይልቅ የእንጀራ ክምር የሚቀርብ ይመስለኛል። እንጀራ ከምጣድ እየወጣ ሲደራረብ መጨረሻ የተጋገረው ከላይ ይሆናል፤ የሚነሣውም በመጀመሪያ እርሱ ነው። ከታች ያለውን ለማንሣት የላዩ ሁሉ መነሣት አለበት። የቅንፍም ጠባይ ይኸው ነው፤ መጨረሻ የተከፈተው ቅንፍ መጀመሪያ ይዘጋል። ክምሩ ለዚህ ሥራ የተመቸው ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል ሲሠሩ ይህንኑ አሳብ ለአልጎል 60 ቋንቋ ተርጓሚ ተጠቀሙበት፤ በ1961 በጻፉት ዘገባም በባቡር ጣቢያ መሰሉት። በድሬዳዋ በቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያ ፉርጎዎች ሲለያዩና ሲቀጠሉ ያየ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ይረዳዋል። አንድ ዋና ሐዲድ አለ፤ ከእርሱም ላይ ወደ ጎን የምትታጠፍና መጨረሻዋ የተዘጋ አንዲት ሌላ ሐዲድ አለች። ቁጥር የጫነ ፉርጎ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ምልክት የጫነ ፉርጎ ግን ወደ ጎን ሐዲዷ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል።

«7 + 2 × (9 − 4)» የሚለውን ባቡር እናሳልፍ። 7 ያልፋል። የመደመር ምልክት ሲመጣ ጎን ሐዲዷ ባዶ ስለሆነች ይገባል። 2 ያልፋል። የማባዛት ምልክት ሲመጣ በሐዲዷ አፍ ላይ መደመር ቆሟል፤ ማባዛት በማዕረግ ስለሚበልጠው መደመር አይወጣም፤ ማባዛቱ ከፊቱ ገብቶ ይቆማል። ክፍት ቅንፍ ይገባል፤ እርሱ እንደ ግድግዳ ሆኖ ከበስተኋላው ያሉትን ይከልላቸዋል። 9 ያልፋል፣ መቀነስ ይገባል፣ 4 ያልፋል። አሁን ዝግ ቅንፍ መጣ። ይህ ሲመጣ እስከ ክፍቱ ቅንፍ ድረስ ያለው ሁሉ መውጣት አለበት፤ መቀነስ ይወጣል፣ ሁለቱ ቅንፎችም ሥራቸው ስላለቀ ይጣላሉ። መስመሩ አለቀ፤ በሐዲዷ የቀሩት ከአፉ ጀምሮ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ማባዛት፣ ከዚያ መደመር። ከጣቢያው የወጣው ባቡር «7 2 9 4 − × +» ሆነ።

በዚህ ባቡር ላይ አንድም ቅንፍ የለም። የማዕረግም ጥያቄ አብቅቷል። መኪናው ቁጥር ባየ ጊዜ ይከምራል፤ ምልክት ባየ ጊዜ ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አንሥቶ ሠርቶ መልሱን በቦታቸው ያኖራል። 9 ሲቀነስ 4፣ 5 ይሆናል፤ 2 በ5 ሲባዛ 10፤ 7 ሲደመር 10፣ 17። ክምሩ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ፤ መልሱም እርሱ ነው። መስመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተነበበ፤ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። የመጣው ምልክትና በሐዲዷ አፍ ላይ የቆመው በማዕረግ እኩል ቢሆኑስ? ለምሳሌ «10 − 4 − 3» ላይ ሁለቱም መቀነስ ናቸው። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የገባው ይውጣ ከተባለ መልሱ 3 ይሆናል፤ ይቆይ ከተባለ ግን መኪናው መጀመሪያ 4 ሲቀነስ 3 ብሎ 1 ያገኝና 9 ብሎ ይመልሳል። ይህችን አንዲት ውሳኔ ያሳተ ተማሪ ፕሮግራሙ በብዙ ምሳሌ ትክክል እየሠራ በሌላው ለምን እንደሚዋሽ ሳይገባው ሊያድር ይችላል።

ቅንፍ የሌለበት አጻጻፍ ራሱ ከኮምፒዩተር በፊት የተፈለሰፈ ነው። ፖላንዳዊው የሎጂክ ሊቅ ያን ዉካሼቪች በ1924 ምልክቱን ከቁጥሮቹ በፊት በማስቀደም ቅንፍን ማስቀረት እንደሚቻል አሳዩ፤ ከላይ ያየነው ምልክቱ ወደ ኋላ የዞረበት ስለሆነ «የተገለበጠው የፖላንድ አጻጻፍ» ይባላል። የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ኤች ፒ 35 የተባለው የኪስ መኪና የሚሠራው በዚሁ ነበር። የእኩል ምልክት ቁልፍ አልነበረውም። የለመዱት መሐንዲሶች ከእጃቸው አላወጡትም፤ ያልለመደ ሰው ደግሞ የእኩሉን ቁልፍ ሲፈልግ ይውል ነበር።

መኪናዎች የማይስማሙበት

ዘዴው ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ለአንድ መስመር አንድ መልስ ይሰጣሉ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይሰጡም። በብዙ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ኤክሴል የተባለው ፕሮግራም «−3^2» ተብሎ ቢጻፍለት፣ ማለትም ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ሦስት ስኩዌር ቢሰጠው፣ 9 ብሎ ይመልሳል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያንኑ በራሱ ምልክት ቢቀበል −9 ይላል። ኤክሴል ከፊት የቆመውን መቀነስ የቁጥሩ አካል አድርጎ ያየዋል፤ ፓይተን ግን ስኩዌሩን አስቀድሞ መቀነሱን ያስከትላል። ይባስ ብሎ በኤክሴል «0−3^2» ተብሎ ቢጻፍ መልሱ −9 ይሆናል። ዜሮ ስለ ተጨመረ መልሱ ተለወጠ! የመቀነስ ምልክት አንዳንድ ጊዜ በሁለት ቁጥሮች መካከል የቆመ ሠራተኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ቁጥር ቅጽል ስለሆነ የጽሕፈቱ አንባቢ ሁለቱን መለየት ግዴታው ነው።

«2^3^2» ደግሞ በኤክሴል 64፣ በፓይተን 512 ነው። አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይጀምራል። የሒሳብ መጻሕፍት ከቀኝ መጀመርን ስለሚከተሉ ፓይተን ለእነርሱ ይቀርባል። የገንዘብ ሥራ ያለው ሰው ግን ማን ትክክል ነው ብሎ ከመከራከር ይልቅ ቅንፍ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ቅንፍ ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ነውና።

ባዶ ቼክ

ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ቃል የሚያስቀር አቋራጭ አለ። ሚስተር ጆን ማካርቲ በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ካስተዋወቁት ከሊስፕ ቋንቋ ጀምሮ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ «ኢቫል» የሚባል ትእዛዝ ይገኛል። ሥራው የተሰጠውን ጽሕፈት እንደ ፕሮግራም ቈጥሮ መፈጸም ነው። ቋንቋው ራሱ ሒሳብ ማንበብ ስለሚያውቅ «200 + 3 * 4000» የሚለውን ጽሕፈት ለኢቫል የሰጠ ሰው ያለ ሐዲድና ያለ ክምር 12,200 ያገኛል። ጀማሪ ይህን ባገኘ ጊዜ ደስታው ወሰን የለውም።

ዳሩ ግን ኢቫል ሒሳብን ብቻ ለይቶ አይፈጽምም። ጽሕፈቱን የሚጽፈው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው በቁጥር ፈንታ «በዚህ ኮምፒዩተር ያለውን መዝገብ ሁሉ ደምስስ» የሚል ትእዛዝ በቋንቋው ቢጽፍ መኪናው ያንንም ይታዘዛል። ፈርሞ ባዶ ቼክ ለማይታወቅ መንገደኛ እንደ መስጠት ያለ ነው። ከቁጥርና ከሒሳብ ምልክት በቀር ምንም እንዳይገባ በመከልከል ብቻ ከአደጋው ማምለጥም አይቻልም። በፓይተን «9**9**9» የሚለው መስመር ዘጠኝን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ የሚያነሣ ሒሳብ ብቻ ነው፤ መልሱ ግን 369,693,100 አኃዞች ያሉት ቁጥር ስለሆነ መኪናው ሌላ ሥራ ትቶ እርሱን ሲያሰላ ይቆያል። የራሱን ሐዲድ የዘረጋ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን የሚያልፈውን ፉርጎ ያውቃል፤ የማያውቀው ቃል ሲመጣ «ይህ ሒሳብ አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ላይ ማንሣትንም ሊከለክል ወይም ሊወስን ይችላል።

የፓይተን ቋንቋ ፈልሳፊ ጊዶ ቫን ሮሱም ሥራውን የጀመሩት ዳይክስትራ በሠሩበት በዚያው በአምስተርዳም ማእከል ነው፤ ማእከሉ በ1983 ስሙን ለውጦ ነበር። በቋንቋው ሁለተኛ እትም «ኢንፑት» የተባለው ትእዛዝ ሰው የጻፈውን ጽሕፈት ተቀብሎ ወዲያው እንደ ኢቫል ይፈጽመው ነበር። ዕድሜውን የጠየቁት ሰው ቁጥር ይጽፋል ተብሎ ሲጠበቅ ትእዛዝ ቢጽፍ ይፈጸምለት ነበር ማለት ነው። በዲሴምበር 2008 በወጣው ሦስተኛ እትም ይህ ተሻረ፤ ኢንፑት የተጻፈውን ጽሕፈት እንደ ጽሕፈት ብቻ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፕሮግራሙ ጸሐፊ ኃላፊነት ነው።

የእኛ አኃዝ

በግእዝ አኃዝ የተጻፈ ሒሳብስ ይነበብ ይሆን? የግእዝ ፊደልና አኃዝ በ1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ዝርዝር ገብተዋል፤ የ«፩» መለያ ቁጥር 4969 ነው። ይሁን እንጂ ለፓይተን «፳፫»ን ወደ ቁጥር ለውጥ ቢሉት እምቢ ይላል። እምቢታው ያለ ምክንያት አይደለም። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አኃዙ ዋጋውን የሚያገኘው ከቆመበት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ የያዙትን በ10 እያባዙ መጨመር የሚለው ከላይ ያየነው ዘዴ አይሠራበትም።

እንዲያውም ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው እያንዳንዱ የግእዝ ቁጥር ምልክት ያልተጻፈበት ሒሳብ ነው። «፳፫» ማለት 20 ሲደመር 3 ነው። «፪፻» ማለት ግን 2 ሲባዛ በ100 ነው። «፲፱፻፷፪»ን የትምህርት ቤቱን ሕግ ይዞ፣ ማባዛትን አስቀድሞ የሚያነብ መኪና 9ኙን በ100 አባዝቶ 900፣ 10 እና 62 ጨምሮ 972 ይላል። ትክክለኛው ንባብ በዚህ ስፍራ መደመርን ያስቀድማል። መኪናው 10ን ይይዛል፣ 9ን ይጨምርበታል፣ 19 ሆኖ ይጠብቃል። «፻» ሲመጣ የጠበቀውን ሁሉ በ100 አባዝቶ 1,900 ያደርግና ወደ ጎን ያኖረዋል፤ «፻» በፊቱ ምንም ከሌለው እንደ 1 ይቈጠርለታል። ከዚያ አዲስ ጥበቃ ይጀምራል፤ 60፣ ከዚያ 2። መስመሩ ሲያልቅ የቆየውን 1,900 በ62 ላይ ደምሮ 1962 ይላል። «፼» የመጣ እንደሆነ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በጎን የተቀመጠውና በእጅ ያለው ሁሉ ተደምሮ በ10,000 ይባዛል።